ከወሊሶ እስከ ቅድስት ሥላሴ፤ የድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ሕይወትና ሥራ

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያነበው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የጦር አለቆቹን ገድልና ከውጭ መንግሥታት ጋራ የተደረገውን የውል ቃል ነው። ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ በሠርጉ ቀን ምን ብሎ እንደ ዘፈነ፣ በኀዘኑ ጊዜ ምን ብሎ እንዳንጐራጐረ፣ በመንገድና በሥራ ላይ በምን ዜማ ድካሙን እንደ ረሳ ያልጠየቀ ታሪክ ጸሐፊ፣ ቤቱን በውጭ ዞሮ አይቶ ወደ ውስጥ ሳይገባ የተመለሰ እንግዳ ይመስላል። የቀድሞ መኳንንት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ የነበረው በከንቱ አልነበረም። በአደባባይ የማይነገረው ነገር በዜማ ተጠቅልሎ እንደሚወጣ ያውቁ ነበርና ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ከ50 ዓመት በላይ የኢትዮጵያን ሕዝብ ደስታና ኀዘን በድምፁ ተሸክሞ የኖረውን የጥላሁን ገሠሠን ሕይወትና ሥራ ለአንባቢያችን ባጭሩ ለማቅረብ አስበናል። ዓላማችን ግን ውዳሴ ብቻ አይደለም። የሞተን ሰው ማወደስ ቀላል ነው፤ ማንንም አያስከፍልም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ይህን ሰው ያሳደገው ማን ነው? ሊያስቀረው የፈለገው ማን ነበረ? ዛሬስ በየወረዳው ትምህርት ቤት የርሱን የመሰለ ልጅ ቢነሣ፣ መምህሩና ሹሙ ምን ይሉታል? ከሕይወቱ ታሪክ ውስጥ ለነዚህ ጥያቄዎች የሚሆን መልስ የሚገኝ ይመስለናል።

የዘፋኝነት ሙያ በጥንቱና በአዲሱ ዘመን

በአገራችን ልማድ ዜማ ሁለት ዐይነት ዕድል ነበረው። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ የቅዱስ ያሬድ ሀብት ስለ ሆነ ተማሪው ድጓውን ለመዝለቅ ብዙ ዓመት ይደክምበት ነበረ፤ ባለሙያውም መሪጌታ ተብሎ ይከበራል። የዓለሙ ዘፈን ግን ክብር አልነበረውም። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ከግብር አዳራሽ ወደ ሠርግ ቤት ይዞራል። ግጥሙ ይወደዳል፣ ሰውየው ግን ይናቃል። ጌታው በአዝማሪው ቅኔ ተደስቶ ይሸልመው ይሆናል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። ይህ አስተያየት ብዙ ዘመን ስለ ኖረ፣ የደኅና ሰው ልጅ «ዘፋኝ እሆናለሁ» ያለ እንደ ሆነ በቤተ ዘመድ ዘንድ እንደ ውርደት ይቈጠር ነበረ።

ዘመናዊው ሙዚቃ በሌላ በር ገባ። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የነሐስ መሣሪያዎች መጥተው በአዲስ አበባ መነፋት ጀመሩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ ወላጆቻቸውን ያጡ የአርመን ልጆች በሙዚቃ ሲቀበሏቸው አይተው፣ 40ውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይዘመር የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተምረዋል። የሀገር ፍቅር ማኅበርም ፋሺስት ኢጣልያ ሊወረን በተቃረበበት ጊዜ፣ በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የተቋቋመው ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለነፃነቱ ለማነሣሣት ነበረ። ከነፃነት በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ እየራሳቸው የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ።

አንባቢያችን ከዚህ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። በዚያን ጊዜ የዘመናዊ ሙዚቃ ቤቶች ሁሉ ከሞላ ጐደል የመንግሥት ወይም ለመንግሥት የቀረቡ ነበሩ። ሳክስፎኑም፣ ፒያኖውም፣ የልምምዱም አዳራሽ፣ የሙዚቀኛውም ደመወዝ ከዚያው ይመጣል። በግሉ መድረክ አቁሞ መኖር የሚችል ዘፋኝ አልነበረም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ የመዝፈን ሀብት ያለው የባላገር ልጅ ቢኖር፣ ከመንግሥት በር ደርሶ ማንኳኳት ነበረበት።

ልጅነቱ፤ አያትና ዲሬክተር

ጥላሁን ገሠሠ ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳንና ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ በመስቀል በዓል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። ከተማዪቱ ያን ጊዜ በጠላት እጅ ነበረች፤ ነፃ ለመውጣትም ገና ወራት ቀርተዋት ነበረ። ልጁ ከፍ ሲል ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ደቡብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ወሊሶ ተወስዶ፣ ከአያቱ ዘንድ እየኖረ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ይማር ጀመረ።

በዚህ ስፍራ የልጁን ዕድል በሁለት በኩል የሚስቡ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንደኛው አያቱ ናቸው። የልጁን ነፍስ ወደ ዘፈን ማዘንበል አይተው «ተው፤ ትምህርትህን ያዝ» ይሉት ነበረ። እኚህን ሽማግሌ መውቀስ አይገባም። በዘመናቸው ያዩት ዘፋኝ ሁሉ የሚበላውን ከሰው እጅ የሚጠብቅ፣ ሲያረጅ ጧሪ የሌለው ነበረ። ትምህርት ግን የመንግሥት ሥራና ደመወዝ የሚያስገኝ አዲስ በር ሁኖ ተከፍቶ ነበረ። ለልጅ ልጁ የሚያስብ ሰው የታየውን በር ትቶ ያልታየውን አይመርጥም።

ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ ሚስተር ሸዳድ የተባሉ የሱዳን ሰው ነበሩ። እኚህ መምህር የልጁን ድምፅ ሰምተው እንደ ሌሎቹ «ዝም በል» አላሉትም። ሀብቱን አስተውለው አበረታቱት፤ ይልቁንም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ሙያውን ቢከተል እንደሚሻለው መከሩት። የውጭ አገር ሰው ስለ ነበሩ በዘፋኝነት ላይ የነበረው ያገራችን ንቀት አላሠራቸው ይሆናል። ወይም ደግሞ እውነተኛ መምህር ስለ ነበሩ፣ ተማሪው የሌለውን ከመጨመር ባሻገር ያለውን ማየት የመምህር ሥራ መሆኑን ያውቁ ነበረ። የሆነ ሆኖ ያች ምክር በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ነገር ሠራች።

በዚያን ጊዜ የሀገር ፍቅር ተጫዋቾች ለትርኢት ወደ ወሊሶ መጡ። ከመካከላቸውም እነ ንጋቷ ከልካይና እነ ኢዮኤል ዮሐንስ ነበሩበት። ልጁ ወደ ኢዮኤል ቀርቦ የልቡን ነገራቸው። እርሳቸውም ይህን ሥራ የሚፈልግ ከሆነ አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት አስታወቁት። ከዚያ በኋላ ጥላሁን ትምህርቱን ትቶ፣ አያቱን ሳያስፈቅድ በእግሩ ጕዞ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ላይ ከዘመድ ቤት አድሮ ወደ ወሊሶ እንዲመለስ ቢገደድም፣ ከቤቱ ከወጣ በኋላ መንገዱን ለውጦ በጭነት መኪና ተሸሽጎ አዲስ አበባ ገባ።

ሀገር ፍቅርና ክቡር ዘበኛ

አዲስ አበባ የተቀበለችው በሀገር ፍቅር ቤት በኩል ነው። በዚያ ዘመን የሀገር ፍቅር መድረክ ዘፈኑን፣ ቲያትሩን፣ ሽለላውንና ፉከራውን ባንድ ቤት የያዘ ትምህርት ቤት ነበረ። ከአዝማሪው ግጥም የተማረና ከባህል መሣሪያው ጋራ የተስማማ ዘፋኝ ከዚያ ይወጣል። ጥላሁንም ጥቂት ዓመታት በዚያ ከሠራ በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ።

የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ በጊዜው ከአገሪቱ የሙዚቃ ክፍሎች በጥራቱ ከታወቁት አንዱ ነበረ። ሥራው በሥርዓት ነው፤ ልምምዱ ሰዓት አለው፤ መሣሪያ ነፊው ኖታ ያነባል፤ ግጥም ደራሲው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው እየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከዜማ ደራሲዎቹ መካከል ሣህሌ ደጋጎ ከጥላሁን ጋራ ብዙ የሠሩ ባለሙያ ናቸው። ከዘፋኞቹም እነ ብዙነሽ በቀለና እነ ተፈራ ካሣ፣ ኋላም ማሕሙድ አህመድ በዚሁ ቤት ስማቸውን ያስጠሩ ናቸው። በዚህ አኳኋን ከወሊሶ በእግሩ የተነሣው ልጅ፣ ሙያተኞች ከግራና ከቀኝ የሚደግፉት፣ የነሐሱ ድምፅ ከኋላው እንደ ግድግዳ የሚቆምለት ድምፃዊ ሆነ።

የጥላሁን ድምፅ ልዩ የሚያሰኘው ምን ነበረ? ብዙዎች «ድምፀ መረዋ» ይሉታል፤ ነገሩ ግን ከመረዋነት ይበልጣል። በመጀመሪያ ቃሉን አይውጥም። ኦርኬስትራው የቱንም ያህል ቢጮህ እያንዳንዱ ፊደል ከጆሮ ይደርሳል፤ ግጥሙም በዜማው ውስጥ አይጠፋም። ሁለተኛም የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺ ሆዬን ቅኝት ከነለዛቸው ይዞ፣ በአውሮፓ መሣሪያ መካከል ሳያበላሻቸው ያወጣቸዋል። ሦስተኛም ሲዘፍን በሙሉ ሰውነቱ ነው። እንባ በሚያሻው ዘፈን እንባው ይመጣል፤ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንደ ተባለው ነው። «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለውን የጥንት የሠርግ ዘፈን እርሱ በኦርኬስትራ ሲዘፍነው፣ ሴት አያቶችና የከተማ ወጣቶች ባንድነት የኛ ነው ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን በኦሮምኛም ስለ ዘፈነ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ባንድ ገበያ ጐን ለጐን በሚሰሙባት በኛዋ በአቦምሳና በመሳሰሉት ከተሞች ፍቅሩ እጥፍ ሆነ።

የታኅሣሥ ወር ነገር

ከመንግሥት በር የገባ ሰው፣ የመንግሥት ቤት ሲናወጥ አብሮ መናወጡ አይቀርም። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጕብኝት ላይ ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ሙከራው በጥቂት ቀን ውስጥ ከሸፈ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ክቡር ዘበኛ የተባለ ሁሉ በጥርጣሬ ዐይን ታየ። የሙዚቃ ክፍሉም ከዚህ አላመለጠም። ጥላሁን ተይዞ ለጊዜው ታሰረ። ያን ጊዜ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበረ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው የድሮ ቍስል ለመነካካት አይደለም። ነገር ግን በዘፋኝና በመንግሥት መካከል ያለውን የተወሳሰበ ዝምድና ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ የለም። የሙዚቃ መሣሪያ የገዛለት፣ መድረክ የሰጠውና ደመወዝ የቈረጠለት መንግሥት፣ እርሱ ራሱ በእስር ቤት አስቀመጠው። ከተፈታም በኋላ ይኸው መንግሥት መልሶ በአደባባይ አዘፈነው። ሕዝቡ ግን በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ብቻ ያውቅ ነበረ፤ ያ ድምፅ የርሱ ነው። ሹመት ይሰጣል፣ ይነሣል፤ ሕዝብ አንድ ጊዜ የራሱ ያደረገውን ድምፅ ግን የሚነሣ ባለ ሥልጣን የለም። ከጊዜ በኋላም ጥላሁን ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር ወደምንለው ቤት ተዛውሮ ሥራውን ቀጠለ።

ሸክላ፣ ሬዲዮና የፈረንሣዩ ዘፋኝ

የአንድ ዘፋኝ ዝና ከቲያትር አዳራሽ ወጥቶ አገር እንዲያዳርስ ተሸካሚ ያስፈልገዋል። የጥላሁን ተሸካሚዎች ሬዲዮና ሸክላ ነበሩ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ወደ ባላገር ሲገባ፣ አዲስ አበባን በዐይኑ ያላየ ገበሬ የጥላሁንን ድምፅ ለየ። በፊሊፕስ ስም የታተሙት ሸክላዎቹም በየቡና ቤቱ ተሰሙ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሙዚቃ ከመንግሥት ቤት ውጭም መኖር እንደሚችል ታየ።

ነገሩን ለማነጻጸር ወደ ሌላ አገር እንሻገር። በፈረንሣይ አገር ዦኒ አሊዴ የተባለ እጅግ የታወቀ ዘፋኝ ነበረ። የተወለደው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 ፓሪስ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች ነው። እርሱም እንደ ጥላሁን በዘመድ እጅ አደገ፤ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። የመጀመሪያ ሸክላው የወጣውም በ1960 ነው፤ ይህም የኛ የታኅሣሥ ግርግር የሆነበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ሁለቱም በጠላት በተያዘ ከተማ ተወልደው፣ ባንድ ዘመን ለወጣቶች የዘፈኑ፣ ከ50 ዓመት በላይ በመድረክ የቆዩ ናቸው።

ልዩነታቸው ግን ያስተምራል። ፈረንሣዊው ዣን ፊሊፕ ስሜ የሚለውን የትውልድ ስሙን ትቶ የአሜሪካ ስም ወሰደ፤ የአሜሪካንን ሮክ በፈረንሣይኛ ቃል ለውጦ ዘፈነ። ያሳደገው የሸክላ ነጋዴው፣ የግል ሬዲዮውና የወጣቶቹ መጽሔት ነው። ጥላሁን ግን በአባቱ ስም ኖረ፤ የአውሮፓን መሣሪያ ወስዶ ያገሩን ቅኝት አስነፋው፤ ያሳደገውም ነጋዴ ሳይሆን ማኅበርና የጦር ክፍል ነው። ፈረንሣዊው ከሸክላው ሀብታም ሆነ። የኛው ግን ከብዙ ዝና ጋራ የደመወዝተኛ ኑሮ ኖረ። እርግጥ ነው፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት። ነገር ግን የሙዚቀኛውን መብት ለይቶ የሚጠብቅ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ጥላሁን የ60 ዓመት ዕድሜ አልፎት፣ ብዙው ሥራው ተባዝቶ ተሸጦ አልቆ ነበረ።

ረኀብና አብዮት

ዘፋኝ በሰላም ጊዜ ያጫውታል፤ በመከራ ጊዜ ግን ይመሰክራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኀብ በመንግሥት በኩል ተሸፋፍኖ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ በመምህራንና በተማሪዎች ጥረት፣ ደግሞም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ባነሣው ፊልም ገሃድ ወጣ። ጥላሁን ስለዚህ ረኀብ የዘፈነው «ዋይ ዋይ ሲሉ» የተባለው ዘፈን የራበውን ሰው ጩኸት ከከተማው ቤት አስገባ። የረኀብተኛውን ቍጥር የሚናገር መግለጫ ያነበበ ሰው ቍጥሩን ሊረሳ ይችላል፤ ያን ዘፈን የሰማ ግን አልረሳውም። ኋላም በ1970ዎቹ ድርቅ ሲደገም ለተጐጂዎች ርዳታ ከሚያሰባስቡት አርቲስቶች መካከል ነበረ።

አብዮቱ በመጣ ጊዜ የሙዚቃው ዓለም ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ጭፈራ ቤት ተዘጋ፤ ሸክላ አሳታሚዎቹ ሥራቸውን ተዉ፤ ከሙዚቀኞቹም ብዙዎች ተሰደዱ። በሸክላው ስፍራ የካሴት ክር ተተካ። ጥላሁን በአገሩ ቀርቶ መዝፈኑን ቀጠለ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ለአገር ዳር ድንበር የዘፈናቸው ዘፈኖች ወታደሩንም፣ ልጁን የላከውን ወላጅም ያንቀሳቀሱ ነበሩ። ሦስት መንግሥታት ሲለዋወጡ፣ የያንዳንዱ ዘመን ሰው ግን በርሱ ዘፈን ተድሯል፤ በርሱ ዘፈን ናፍቋል፤ በርሱ ዘፈን አልቅሷል።

መከራውና ዕረፍቱ

በ1985 ዓ.ም. ጥላሁን አንገቱ ላይ በስለት ተወግቶ ለሞት ተቃረበ። የድምፁ መውጫ በሆነው በዚያው ስፍራ መቍሰሉን የሰማ ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ «ከእንግዲህ አይዘፍንም» ያለው ብዙ ነበረ። እርሱ ግን ከሕክምና በኋላ ተመልሶ መድረክ ላይ ቆመ። ቀጥሎ የስኳር በሽታ ጸናበት፤ በዚሁም ምክንያት እግሩ ተቈረጠ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን ያየው ተመልካች፣ ድምፅ ከእግር እንደማይነሣ ተረዳ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ለሙዚቃ ያበረከተውን አገልግሎት ቈጥሮ የክብር ዶክተርነት ማዕርግ ሰጠው። ትምህርቱን ጥሎ ከወሊሶ የጠፋው ልጅ በዩኒቨርሲቲ ካባ መጐናጸፉን አያቱ ባዩ ምን ባሉ ነበር?

በውጭ አገርም ስሙ አልተረሳም። ፈረንሣዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ ከሚገኘው ቡዳ ሙዚክ ከተባለው አሳታሚ ጋራ ሁነው «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የድሮዎቹን የኢትዮጵያ ዘፈኖች በተከታታይ ሲያወጡ፣ 17ኛውን ቅጽ ለጥላሁን ሰጡት። የኛን ሸክላ ፈረንጅ ሰብስቦ በክብር ማኖሩ ደስ ያሰኛል፤ ደግሞም ያሳፍራል። ደስ የሚያሰኘው መትረፉ ነው፤ የሚያሳፍረው ከኛ መዝገብ ቤት ይልቅ በባዕድ እጅ መትረፉ ነው።

ጥላሁን ከአሜሪካ ከተመለሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በ68 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። በመስቀል በዓል ተወልዶ በትንሣኤ በዓል አረፈ ማለት ነው። የፋሲካው ዶሮ ገና ከገበታ ሳይነሣ ወሬው አገር ሞላ። እኛም በዚያን ጊዜ ተማሪዎች ነበርንና የሆነውን እናስታውሳለን። በየሰፈሩ የበዓሉ ጫወታ ቆመ፤ ዘመድ እንደ ሞተበት ሰው የሚያለቅሱ ሽማግሎችም አየን። ቀብሩ በመንግሥት ሥርዓት፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ባለበት፣ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። ንጉሠ ነገሥቱ፣ አርበኞችና ታላላቅ ሰዎች ባረፉበት ቅጽር ዘፋኙም ዐረፈ። ዦኒ አሊዴም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2017 ሲሞት፣ አስከሬኑ በፓሪስ ዋና ጐዳና አልፎ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በማድሌን ቤተ ክርስቲያን ፊት ንግግር አድርገውለታል። እንዲህ ያለ ክብር ሕዝብ ሲያስገድድ የሚደረግ ነው፤ በደብዳቤ የሚታዘዝ አይደለም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ከኛ ዝቅ ብሎ በአዋሽ ዳር የመርቲና የኑራ ኢራ የፍራፍሬ እርሻ ይገኛል። መሬቱና ወንዙ ጥንትም ነበሩ። ነገር ግን ቦይ ተቀዶ ውሃው ከመሬቱ ጋራ እስኪገናኝ ድረስ ስፍራው ግራርና ቍጥቋጦ ብቻ ያበቅል ነበረ። የሰው ሀብትም እንዲሁ ነው። ጥላሁን ድምፁን ከእናቱ ማሕፀን ይዞት መጣ፤ ቦዩን የቀደዱለት ግን ሌሎች ናቸው። አንድ ዲሬክተር ሰሙት፤ አንድ ተጫዋች ትኩር ብለው አዩት፤ አንድ ማኅበር ተቀበለው፤ አንድ ኦርኬስትራ አሠለጠነው። ከነዚህ አንዱ ቢጐድል ኖሮ፣ ወሊሶ አንድ መልካም ድምፅ የነበረው ሰው ታስታውስ ይሆናል እንጂ ኢትዮጵያ ጥላሁንን ባላገኘች ነበር።

እንግዲህ ለመምህራን የምንለው ይህ ነው። የሚያንጐራጕር ተማሪ ሲያዩ መጀመሪያ ይስሙት። ትምህርቱን ይተው ማለታችን አይደለም፤ የአያቱም ስጋት እውነት ነበረና። ዘመኑ ግን ሁለቱን ባንድነት ለማስኬድ ይፈቅዳል። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ በየትምህርት ቤቱም የሙዚቃ ክበብ ለማቋቋም ከፈቃድ በቀር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የመድረክ ልምምድ ያለው ልጅ በሂሳቡም በቋንቋውም እንደማይደክም የምናውቅ እናውቃለን።

ለሹማምንት የምንለው ደግሞ ሌላ ነው። ጥላሁን የዘፈናቸው ዘፈኖች ግጥም ደራሲና ዜማ ደራሲ አላቸው፤ ነገር ግን ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ ካልተመዘገቡ፣ ልጆቻቸው መብታቸውን የሚጠይቁበት ማስረጃ አያገኙም። የባህልና የመዝገብ ክፍል ያላቸው መሥሪያ ቤቶች በየወረዳቸው ያሉትን የድሮ ሸክላዎች፣ ካሴቶችና ባለ ታሪክ ሽማግሎች ዛሬውኑ ቢመዘግቡ፣ ነገ ታሪካችንን ከፓሪስ ገበያ አንገዛም። በሬዲዮ ክርና በቲያትር ቤት መጋዘን ያለው ድምፅ እንደ ብራና መጽሐፍ ተቈጥሮ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል እንጨምራለን። የጥላሁን ታሪክ ከቤት የመጥፋት ትምህርት ተደርጎ እንዳይወሰድ። መጥፋቱን ብቻ የሚያይ፣ ከመጥፋቱ በኋላ የመጣውን የዓመታት ልምምድ፣ የወታደር ሥርዓት፣ የእስራትና የበሽታ ትዕግሥት ይረሳል። ለአንድ ዘፈን የሚሆን ድምፅ ያለው ሰው በየመንደሩ ሞልቷል፤ ለ50 ዓመት የሚበቃ ጽናት ያለው ግን ብርቅ ነው።

በአቦምሳ የትምህርት ቤት ግቢም ሆነ በማናቸውም የአገራችን ወረዳ፣ ዛሬም ከደብተሩ በስተጀርባ ዜማ የሚደብቅ ልጅ ይኖራል። ያ ልጅ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቀን የሚሰማው ሰው አያት ይሁን ዲሬክተር፣ ወይም ሁለቱ ባንድነት፣ አስቀድሞ የሚታወቅ አይደለም። የሚታወቀው ነገር ቢኖር፣ የሚስተር ሸዳድን ስፍራ የያዘ መምህር በየትምህርት ቤቱ መገኘት የሚገባው መሆኑ ነው።